ሮክን ፒያኖ ሲመራው

ጥያቄው የመጣው ከኮዬ ፈጬ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ አለኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ለኳየር ስጫወት አራት ዓመት ሆነኝ። አሁን ከኮንዶሚኒየማችን ልጆች ጋር የሮክ ባንድ ጀምረናል፤ ሁለት ጊታር፣ ቤዝና ድራም አለ። ልጆቹ ግን ‹ሮክ የጊታር ነው፣ አንቺ ከኋላ ስትሪንግ (የቫዮሊን ድምፅ) ያዢልን› ይሉኛል። እውነት ፒያኖ ሮክ አይመራም? በፒያኖ የሚመሩ ታላላቅ የሮክ ዘፈኖች ካሉ የትኞቹ ናቸው? ከየቱስ ልጀምር?»

እህቴ፣ ልጆቹ ተሳስተዋል። የተሳሳቱበት ምክንያት ግን ስላለ እሱንም አብሬ እነግርሻለሁ። እኔ ለገጣፎ የምኖር ፒያኖ ቃኚና አስተማሪ ነኝ፤ ከአያት እስከ ቡራዩ፣ ከሱሉልታ እስከ ገላን በየሰው ቤት ያለ ፒያኖ ስከፍትና ስዘጋ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። የፒያኖ ሮክ ከልጅነቴ ጀምሮ ጆሮዬን የያዘው ሙዚቃ ነው፤ ስለዚህ መልሴ ረዘም ቢል ታገሽኝ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አዲስ ተማሪ ሲመጣልኝ ገና አንድ ኖታ ሳላስነካው የቋሚ ፒያኖዬን የፊት ሳንቃ አወልቃለሁ። ውስጡ ሲታይ ልጆች ሁሉ ዝም ይላሉ። ሰማንያ ስምንት በሱፍ የተጠቀለሉ ትናንሽ መዶሻዎች ተደርድረዋል፤ ከፊታቸው ሽቦው ተወጥሯል። «መሃል ያለችውን ቁልፍ ቀስ ብለህ፣ በጣም ቀስ ብለህ ተጫናት» እለዋለሁ። መዶሻዋ ትነሳ ትነሳና ሽቦው ጋ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ተመልሳ ትወድቃለች። ድምፅ የለም። «አሁን ምታት» ስለው ቤቱ ይሞላል። ክራር ይደረደራል፣ ማሲንቆ ይገዘገዛል፣ ፒያኖ ግን እንደ ከበሮ ይመታል። ሮክን የሚመራበት ጉልበት ያለው እዚህች ላይ ነው። ከዚህ በታች የምጠራልሽን ዘፈኖች ስትሰሚ የተጫዋቹ ጣት ስንት ኖታ ነካ ብለሽ አትቁጠሪ፤ ምቱን የያዘው ማን ነው ብለሽ ስሚ።

በ1955 ሴፕቴምበር ላይ ሊትል ሪቻርድ የሚባል የጆርጂያ ልጅ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የኮዚሞ ማታሳ ስቱዲዮ ገባ። ሲቀረጽ የዋለው ሁሉ ለብ ያለ ነበር። ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው «ቱቲ ፍሩቲ» የሚለው ዘፈን ተነሳ፤ ለስቱዲዮው ፒያኒስት ለማስጠናት ጊዜ ስላልነበረ ሪቻርድ ራሱ ፒያኖው ላይ ተቀመጠ። ድራሙ ላይ የነበረው ኤርል ፓልመር ነው። የዚያን ዘመን ድራመሮች የለመዱት ሸፍል የሚባለውን፣ አንዱን ረዘም አንዱን አጠር እያደረገ የሚያነክሰውን ምት ነበር። የሪቻርድ ቀኝ እጅ ግን አያነክስም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለሽ እስክትቆጥሪ ስምንት ጊዜ እኩል፣ አንዱ ካንዱ ሳይበልጥ፣ ይወቅጣል። ፓልመር ከዓመታት በኋላ ሲናገር፣ የሮክ ምት የተባለውን መምታት የጀመረው የሪቻርድን ቀኝ እጅ ለመከተል ሲል እንደሆነ ገልጿል። ይህን ለልጆቹ ንገሪያቸው። ዛሬ ድራመራችሁ ሃይሃቱ፣ ማለትም ጥንዶቹ ሳህኖች፣ ላይ ስምንቱን እኩል የሚመታው የፒያኒስት እጅ ተከትሎ ነው። «ቱቲ ፍሩቲ»ን ስትሰሚ ባንዱ በአሮጌውና በአዲሱ ምት መካከል ሲጓተት ጆሮሽ ይይዘዋል፤ ወደ 1957ቱ «ሉሲል» ስትሄጂ ግን ሁሉም አንድ ሰልፍ ገብቷል። ሁለቱን አከታትለሽ ስሚያቸው።

እዚያው ኒው ኦርሊንስ፣ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ከሪቻርድ በፊት ፋትስ ዶሚኖ ነበር። «ዘ ፋት ማን»ን የቀረጸው በ1949 ዲሴምበር ነው። ዶሚኖ አይጮህም፣ ወንበር አይረግጥም፤ ተቀምጦ ፈገግ ብሎ ነው የሚጫወተው። መለያው ቀኝ እጁ እያንዳንዱን ምት ለሦስት ከፍሎ ኮርዱን፣ አብረው የሚመቱትን ኖታዎች፣ መደጋገሙ ነው፦ ታ-ታ-ታ፣ ታ-ታ-ታ፣ ታ-ታ-ታ፣ ታ-ታ-ታ። በ1956 በወጣው «ብሉቤሪ ሂል» ላይ ይህ ድግግሞሽ ጥርት ብሎ ይሰማል። አንቺ ደግሞ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነሽ። የእኛ ችክችካም ምቱን ለሦስት የሚከፍል ነው። ጫናው የሚያርፍበት ቦታ ይለያያል፤ ትከሻን የሚያነሳው ያኛው የራሱ አካሄድ አለው። ቢሆንም በሦስት የተከፈለ ምት ውስጥ ያደገ ጆሮ የዶሚኖን እጅ ለመያዝ ብዙ አይቸገርም። ስምንቱን እኩል ምት ለመያዝ ወር የፈጀባቸው ተማሪዎቼ የዶሚኖን ሦስት በሦስት ባንድ ከሰዓት ሲይዙት ደጋግሜ አይቻለሁ።

የዶሚኖ እጅ እስከ እንግሊዝ ደርሷል። ፖል ማካርትኒ በ1968 የቢትልስን «ሌዲ ማዶና» ሲሠራ ዶሚኖን እያሰበ ነበር፤ ዶሚኖም በዚያው ዓመት ዘፈኑን ራሱ መልሶ ተጫወተው። መምህርና ደቀ መዝሙር እንዲህ ሲቀባበሉ መስማት ደስ ይላል።

ስለ ጄሪ ሊ ሉዊስ ብዙ ሰው የሚያወራው ፒያኖ በእግሩ መርገጡን ነው። እኔ ግን ግራ እጁን ስሚልኝ እላለሁ። «ግሬት ቦልስ ኦቭ ፋየር» በ1957 ሜምፊስ ውስጥ ለሰን ሬከርድስ የተቀረጸ ነው፤ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ ጊታርም አይሰማበትም። ግራ እጁ ቤዙንም ሪትም ጊታሩንም ሆኖ ሲገሰግስ፣ ቀኝ እጁ ከላይ አንዴ ኮርድ ይወቅጣል፣ አንዴ በጥፍሩ ጀርባ ቁልፎቹን ጠርጎ ይወርዳል። ይህ ሰው ሉዊዚያና ውስጥ በጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ነው። ሊትል ሪቻርድም በልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር ነው ያደገው። ስለዚህ የኳየር እጅ ለሮክ አይሆንም የሚልሽ ካለ አትስሚው። ዘማሪው ሲያራዝም አብረሽ መጠበቅን፣ ጉባኤው ሲነሳ ምቱን ከፍ ማድረግን እዚያው ተምረሻል፤ እነሱም የተማሩት እዚያው ነው።

የጊታሩ ንጉሥ የሚባለው ቸክ ቤሪ እንኳ ሴንት ሉዊስ ውስጥ በ1952 የአዲስ ዓመት ዋዜማ ሥራ የጀመረው በፒያኒስቱ በጆኒ ጆንሰን ትሪዮ ውስጥ ነው፤ የታመመ ሳክስፎኒስት ተክቶ ገባ። ከዘፈኖቹ የ«ጆኒ ቢ ጉድ» መነሻ ኖታ ቢ ፍላት፣ የ«ሮል ኦቨር ቤትሆቨን» ደግሞ ኢ ፍላት ነው። ጊታሪስቶቻችሁን ቢ ፍላት ላይ ተጫወቱ ብትያቸው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ ጊታር የሚወደው ኢ፣ ኤ፣ ዲ እና ጂን ነው። ቢ ፍላትና ኢ ፍላት የፒያኖና የትንፋሽ መሣሪያዎች ሰፈር ናቸው።

ታዲያ ልጆቹ ሮክን የጊታር ብቻ ያደረጉት ለምንድነው? መልሱ ክብደትና አምፕሊፋየር ነው። አንድ ቋሚ ፒያኖ በቀላሉ 200 ኪሎ ይደርሳል። ጊታር በጀርባ ታዝሎ ታክሲ ይገባል። በ1960ዎቹ አምፖቹ እያደጉ ጊታሩ አዳራሽ ሙሉ መጮህ ቻለ፤ ፒያኖ ግን ማይክ ቢደገንበትም ድራሙንና ጊታሩን አብሮ እየለቀመ ያስቸግር ነበር። በዚያ ላይ በየአዳራሹ ያለው ፒያኖ ቅኝቱ ልዩ ልዩ ነው። እኔ ከሥራዬ የማውቀው ነው፤ ክረምት ሲገባ የፒያኖው ሳንቃ እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፣ ሽቦው ይወጠራል፣ ድምፁ ሽቅብ ይወጣል፤ በጋ ላይ ተመልሶ ይወርዳል። ሱሉልታ ያለ አንድ ፒያኖ ሐምሌና ጥር ላይ ሁለት የተለያዩ ፒያኖዎች ናቸው ብል አላጋነንኩም። ከከተማ ከተማ የሚዞር ባንድ እንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ ተስፋ አይጥልም። ፒያኖ ከመድረክ እየራቀ የሄደው በዚህ ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ ግን ዙፋኑን አልለቀቀም።

የስቱዲዮ ነገር ከተነሳ ለንደን ሶሆ ውስጥ ትራይደንት በሚባል ስቱዲዮ የነበረውን የቤክሽታይን ግራንድ ፒያኖ ሳልነግርሽ አላልፍም። በ1968 ቢትልስ «ሄይ ጁድ»ን የቀረጹት በእሱ ነው። በ1970 ኤልተን ጆን «ዮር ሶንግ»ን፣ በ1971 ዴቪድ ቦዊ «ላይፍ ኦን ማርስ?»ን የቀረጹትም በዚያው ፒያኖ ነው፤ የቦዊን የተጫወተው ሪክ ዌክማን ነበር። ሦስቱን ዘፈኖች በጆሮ ማዳመጫ አስከትለሽ ብትሰሚ ያ ፒያኖ ራሱን ያስተዋውቅሻል። ድምፁ ብሩህ ነው፣ ጠርዝ አለው፣ ከዘፋኙና ከቫዮሊኖቹ መሃል እንደ ብርጭቆ ይሰማል። አንድ ፒያኖ እንዲህ የሚሆንበትን ላስረዳሽ። መዶሻው ላይ ያለው ሱፍ ሲጠነክር ሽቦውን ነክቶ ቶሎ ይለቃል፤ ስለዚህ ቀጫጭኖቹ ድምፆች አይታፈኑም። ሱፉ ሲላላ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ይጨልማል። እኛ ቃኚዎች ለስላሳ ለሚፈልግ ሰው ሱፉን በመርፌ እየወጋን እናላላዋለን። ለሮክ ባንድ የሚሆነው ግን ያልተወጋው ነው። ኪቦርድሽ ላይ ከአንድ በላይ የፒያኖ ድምፅ ይኖራል፤ ብቻሽን ስትጫወቺ የሚያምርሽ ለስላሳው ነው፣ ባንድ ውስጥ ግን ድራሙ ይውጠዋል። ብሩሁን ምረጪ።

አሁን ወደ ዋናው ችግርሽ ልምጣ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡራዩ አንድ ቤት ፒያኖ ልቃኝ ሄጄ ነበር። ጨርሼ ዕቃዬን ስሰበስብ የቤቱ ልጅና ጓደኞቹ እዚያው ሳሎን ልምምድ ጀመሩ። ሁለት ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፤ ፒያኖው ላይ ታናሽ እኅቱ። ልጅቷ በሁለት እጇ ሙሉ ሙሉ ኮርድ ጭና ትይዛለች፣ ፔዳሉን ረግጣ አትለቅም፤ ከጊታሮቹ ጩኸት ውስጥ አንድም ነገር አይሰማላትም። አሁን የቃኘሁት ፒያኖ ስለነበር ከፋኝ። ሦስተኛው ዘፈን መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ጊታሮቹና ቤዙ ባንዴ ድዳ ሆኑ። ድራመሩ ግን አላቆመም። ልጅቷ ደንግጣ ቀና ስትል በስቲኩ ጠቆማት፤ ቀጥይ ማለቱ ነው። ቤዝ ስለሌለ ግራ እጇ ሳታስበው ወደ ታች ወረደና ነጠላ ኖታ ከእግር ድራሙ ጋር መርገጥ ጀመረ። ቀኝ እጇ ኮርዱን ይዞ መቆየቱን ተወና ከስኔሩ ጋር እየተነሳ ይወድቅ ጀመር። ፔዳሉንም ለቀቀች። ሳሎኑ ውስጥ የነበርነው ሁሉ እግራችን ወለሉን ሲመታ ተገኘ። መብራቱ ተመልሶ የአምፖቹ ቀይ መብራት ሲበራ ሊድ ጊታሪስቱ ወዲያው አልገባም። እጁን ጊታሩ ላይ አድርጎ ዘፈኑ አንድ ዙር እስኪዞር ዝም ብሎ ሰማት። ሲገባም ከላይ በሁለት ክር ብቻ ገባ፣ ቀጭን አድርጎ።

ከዚያ ቀን በኋላ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ልምምድ ይኸው ነው፤ መብራት እንደጠፋ አድርገሽ ተጫወቺ። ከድራመሩ ጋር ብቻችሁን ሆናችሁ ዘፈኑ በእግሩ የሚቆም ከሆነ፣ ጊታሮቹ ሲገቡ የሚጨምሩት ነገር ይሆናል እንጂ አንቺን የሚሸፍን ነገር አይሆንም።

ይህን በዓለም መድረክ ላይ ያሳዩ ሰዎች አሉ። ኤልተን ጆን በ1970 ሎስ አንጀለስ ትሩባዶር በሚባለው ክለብ ራሱን ሲያስተዋውቅ ባንዱ ሦስት ሰው ነበር፤ እሱ ፒያኖ ላይ፣ ዲ መሪ ቤዝ፣ ናይጀል ኦልሰን ድራም። ጊታር የለም። በ1990ዎቹ ቤን ፎልድስ ፋይቭም ስሙ አምስት ይበል እንጂ ሦስት ሰው ነው፤ ፒያኖ፣ ቤዝ፣ ድራም። በ1995 የወጣውን የመጀመሪያ አልበማቸውን ለጊታሪስቶችሽ አሰሚያቸው፤ የፒያኖ ቡድን እንዲህ ሊያናውጥ ይችላል ብለው አልጠበቁም ይሆናል።

የኤልተንን «ቤኒ ኤንድ ዘ ጄትስ» ግን ለብቻው አንሺው። የ1973 ዘፈን ነው። መግቢያው ላይ አንድ የጂ ሜጀር ሰቨን ኮርድ ይመታል፤ ከዚያ ዝምታ። እንደገና ኮርዱ፣ እንደገና ዝምታ። ዘፈኑ በሙሉ የሚራመደው በእነዚህ ግልጽና ደረቅ ኮርዶች ነው። የሚሰማው የሕዝብ ጭብጨባ ስቱዲዮ ውስጥ በኋላ የተጨመረ ነው፤ ፕሮዲውሰሩ ገስ ደጀን ነው ያስገባው። ባንዶቻችን ውስጥ ኪቦርዲስቶች ባዶ ቦታ ሲያዩ ይጨንቃቸዋል፣ ወዲያው ይሞሉታል። ይህ ዘፈን ባዶውን ቦታ መተው ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ያስተምራል።

ከዚህም የባሰ ምሳሌ አለ። በ1969 ስቱጅስ የተባለው ባንድ «አይ ዋና ቢ ዮር ዶግ» የሚል ዘፈን አወጣ። ጊታሩ የተቃጠለ ሞተር ይመስላል። ከላይ ግን አንዲት የፒያኖ ኖታ፣ አንዲት ብቻ፣ ሳትለወጥ ዘፈኑን ሙሉ ትመታለች። አልበሙን ፕሮዲውስ ያደረገው የቬልቬት አንደርግራውንዱ ጆን ኬል ነው፤ ያቺን ኖታ የሚመታውም እሱ ነው። ያቺን ኖታ በሐሳብሽ አውጥተሽ ጣያትና ዘፈኑን እንደገና ስሚው፤ የሚገፋው ነገር ይጠፋል። በአንድ ጣት ሮክ የተመራበት ቀረጻ ነው። የደረክ ኤንድ ዘ ዶሚኖስ «ሌይላ» (1970) መጨረሻ ላይ ጊታሩ ሁሉ ከበረደ በኋላ የሚመጣውን ረጅም የፒያኖ ክፍል የተጫወተውም የባንዱ ድራመር ጂም ጎርደን ነው። ከበሮ የለመደ እጅ ፒያኖ ላይ እንዲያ ሲዘፍን ስሰማ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን «ቦሄሚያን ራፕሶዲ»ን አልረሳሁም። 1975፣ ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ በቢ ፍላት። ፍሬዲ መርኩሪ ያን የታወቀውን የፒያኖ ሐረግ ሲጫወት ግራ እጁ በቀኙ ላይ ተሻግሮ ከላይ ያሉትን ኖታዎች ይነካል፤ ቪዲዮ አይተሽ እጁን ተከታተይው። የጊታሩ ሶሎ የሚመጣው ከሁለት ደቂቃ ተኩል አካባቢ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቤቱን የሠራው ፒያኖው ነው። ታላቅ ዘፈን ነው፣ ግን በእሱ አትጀምሪ። ለባንዳችሁ የሚሻለው የዚያው የኩዊን «ዶንት ስቶፕ ሚ ናው» ነው። በ1978ቱ «ጃዝ» አልበም ውስጥ አለ። ፒያኖ፣ ቤዝ፣ ድራም ይሮጣሉ፤ ጊታሩ በጉልህ የሚሰማው ሶሎው ላይ ነው። ኤፍ ሜጀር ስለሆነ ለእጅሽም አይከብድም፤ የሚከብደው ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው ይዞ መቆየት ነው።

የጆርኒን «ዶንት ስቶፕ ቢሊቪን» (1981) የምታውቂው ይመስለኛል። ጆናታን ኬን የሚጫወተው መግቢያ ላይ የሚሰማውን ግራ እጅ ልብ በይ፤ ዜማው ያለው እዚያ ነው፣ ቀኙ ኮርድ ብቻ ይመታል። የስፕሪንግስቲንን «ተንደር ሮድ» (1975) ስለ ፒያኒስቱ ሮይ ቢታን ስትይ ስሚው፤ በፒያኖና በሃርሞኒካ ብቻ ተጀምሮ ባንዱ ቀስ በቀስ ሲገባ። የቢሊ ጆኤል «ፒያኖ ማን» (1973) በሦስት የሚቆጠር ስለሆነ ባንዱ ይንገዳገድበታል፣ ግን ለግራ እጅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም፤ ቤዙ ከሲ ጀምሮ ሲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ጂ፣ ኤፍ፣ ኢ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል።

አንቺ መጀመር ያለብሽ በኮልድፕሌይ «ክሎክስ» ነው፤ በ2002ቱ አልበማቸው ውስጥ ይገኛል። ምክንያቴን ልንገርሽ። ስምንቱ እኩል ምት፣ ያ የሊትል ሪቻርድ ስምንት፣ እዚህም አለ፤ አከፋፈሉ ግን ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት ነው። አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት። ኖታዎቹ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ናቸው፦ ኢ ፍላት፣ ቢ ፍላት፣ ጂ፤ ኢ ፍላት፣ ቢ ፍላት፣ ጂ፤ ኢ ፍላት፣ ቢ ፍላት። ከዚያ ዲ ፍላት፣ ቢ ፍላት፣ ኤፍ በዚያው አካሄድ ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ በመጨረሻ ሲ፣ ኤ ፍላት፣ ኤፍ። ይኸው ነው፤ አብዛኛው ዘፈን የቆመው በዚህ ላይ ነው። ድራመሩ አራቱን ቀጥ አድርጎ ሲመታ የአንቺ ሦስት-ሦስት-ሁለት በላዩ ይሽከረከራል፤ ሰውን የሚያንቀሳቅሰው የሁለቱ አለመገጣጠም ነው። ጊታሪስቶቹ ይህን በጊታር ቢሞክሩት ኖታው ይገኛል፣ ያ መዶሻ ግን አይገኝም።

ስለ ኪቦርድሽ የምልሽ ጥቂት ነገር አለ። ትልቁ ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፤ ያንቺ 61 ከሆነ የጎደለሽ ብዙውን ጊዜ ከታች 15፣ ከላይ 12 ነው። ለባንድ ሥራ ይህ አያሳስብሽ፤ ከታች ያለውን ቦታ ቤዙ ይዞታል። እንዲያውም ቤዝ ጊታር ባለበት ግራ እጅሽን ከታች አታጨናንቂው፤ ነጠላ ኖታ ወይም ኦክታቭ ይበቃል፣ ሙሉ ኮርድ እዚያ ታች ጭቃ ይሆናል። ጊታሮቹ የሚጮኹት ከመሃሉ ሲ ዙሪያና ከእሱ በታች ነው፤ ስለዚህ ቀኝ እጅሽን አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጊው። ያኔ ቮሊዩም ሳትጨምሪ ድምፅሽ ይሰማል። ኪቦርዱ ራሱ የሚጫወተውን ስታይል፣ ከበሮና አጃቢ ያለበትን፣ አጥፊው፤ ድራመር አላችሁ። የጣትሽን ኃይል የሚለየው ተች የሚባለው ነገር መከፈቱን አረጋግጪ፤ ካልተከፈተ ቀስ ብትነኪውም ብትወቅጪውም አንድ ነው፣ ያ ደግሞ የፒያኖን ነፍስ መግደል ነው። ድምፁን የሚያረዝመውን ሰስቴን ፔዳል ለቀርፋፋ ዘፈን አስቀሪው፤ በፈጣን ዘፈን ላይ እግርሽ ይራቅ። ኖታዎቹን ሁሉ ባንዴ ከፍና ዝቅ የምታደርገውን፣ ትራንስፖዝ የምትለዋን ቁልፍ ደግሞ ለጊዜው እርሻት። ቢ ፍላትና ኢ ፍላት ላይ በገዛ ጣትሽ ሳትለምጂ የቸክ ቤሪንም የመርኩሪንም ቤት አታውቂውም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ባህር ማዶ ብቻ እንዳታይ። ኪቦርድ ከኋላ ነው የሚቆመው ለሚሉሽ ልጆች የዋልያስ ባንድን «ሙዚቃዊ ስልት» ክፈቺላቸው፤ በ1977ቱ «ቼ በለው» አልበም ውስጥ አለ። ሮክ አይደለም፣ ግን ቡድኑን ከፊት ይዞ የሚሄደው የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከእናንተ መወለድ በፊት። የእኛን ቅኝት ከሮክ ጋር ያጋባውን ጃኖ ባንድንም በዚሁ ጆሮ ስሚው፤ «ኤርታሌ» የሚለው አልበማቸው በ2012 ነው የወጣው። በትዝታና በአምባሰል ላይ ሮክ የሚሠራ ፒያኖ መሪ ባንድ ግን እስካሁን እንደጠማኝ አለሁ። ኮዬ ፈጬ ቢወለድ ደስታዬ ነው፤ ቅኝቱን ለማስተካከል እኔው እመጣለሁ።

ለፊታችን ቅዳሜ ልምምድ እንዲህ አድርጊ። ሐሙስና ዓርብ «ክሎክስ»ን ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) 80 ላይ አድርገሽ በቀኝ እጅ ብቻ ተለማመጂ፤ ሦስት-ሦስት-ሁለቱን በአፍሽ እየቆጠርሽ። ሳትሰናከይ አምስት ደቂቃ ከሄድሽ በየቀኑ አሥር አሥር እየጨመርሽ ውጪ፤ የዘፈኑ ፍጥነት 130 አካባቢ ነው፣ ለመድረስ አትቸኩዪ። ቅዳሜ ሌሎቹ ከመምጣታቸው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ድራመሩ እንዲመጣ ለምኚው። ሁለታችሁ ብቻ ጀምሩት። ጊታሪስቶቹ በር ከፍተው ሲገቡ አታቁሙ፤ ገመዳቸውን እየሰኩ ይስሙ፣ ከሁለተኛው ስንኝ ይግቡ።